ከመኪናው ሆድ ሥር ምን ብረት እንሰር?

ባለፈው ክረምት ሰፈሬ ባለ አንድ ጋራዥ ዘይት ላስቀይር ገብቼ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። አንድ ወጣት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ መጣ። ቤቱ አስፋልት ካለቀበት ወዲያ ስለሆነ ከሥር ላሜራ ማሳሰር ፈልጓል። በያጁ 4 ሚሊሜትር ላሜራ አንስቶ «ይኼን ካሰርንልህ ድንጋይ አይደፍርህም» አለው። ልጁ ስልኩን አወጣ። «ጋሼ፣ ቴስላ እኮ የሚያስረው ቲታኒየም ነው።» ሰውየው ሳቀ። «አንተ ቲታኒየሙን አምጣልኝ ልጄ፣ ብየዳው አያቅተኝም!»

ማታ ቤት ገብቼ የቴስላን ነገር ከመጀመሪያው ሳነብ አመሸሁ። ታሪኩ ልጁ እንዳሰበው የቲታኒየም ታሪክ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኬንት በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። አንድ ሞዴል ኤስ በፍጥነት መንገድ ላይ ሲሄድ ከጭነት መኪና የወደቀ ቆልማማ ብረት ላይ ወጣ። የብረቱ አንዱ ጫፍ መሬት ላይ ተተከለ፣ ሌላው ወደ ላይ ተነሳና የመኪናውን ሆድ ወጋ። ኩባንያው በሰጠው ማብራሪያ መሠረት ጉልበቱ ወደ 25 ቶን የሚጠጋ ነበር፤ 6 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለውን የባትሪ መከላከያ ሰሌዳ በስቶ ሰባት ሴንቲሜትር ተኩል የሚሆን ቀዳዳ ከፈተ። እሳት ተነሳ። ሹፌሩ አስቀድሞ ወርዶ ስለነበር አልተጎዳም። በዚያው ወር ሜክሲኮ ውስጥ ሌላ ሞዴል ኤስ ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ነደደ። ኖቬምበር 6 ደግሞ ቴኔሲ ውስጥ መንገድ ላይ የወደቀ የተጎታች መሳቢያ ብረት ሦስተኛውን መኪና እንደ መጀመሪያው ከሥር ወግቶ አቃጠለ።

የኩባንያው የመጀመሪያ መልስ ከቤንዚን መኪና ጋር ማወዳደር ነበር፦ የቤንዚን መኪኖች ከኛ ይበልጥ ይቃጠላሉ አለ። ሙግቱ ቁጥር አላጣም፣ ግን የተበሳ ሆድ አይደፍንም። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ምርመራ ከፈተ። ቴስላ በሶፍትዌር መኪኖቹ በፍጥነት ሲሄዱ ከመሬት ትንሽ ከፍ እንዲሉ አደረገ። ዋናው መልስ የመጣው ማርች 28 ቀን 2014 ነው።

ያን ቀን የተገለጸው መከላከያ ሦስት ነገር ነበር። ከፊት ክብ፣ ውስጡ ባዶ የአሉሚኒየም ዘንግ አለ፤ ሥራው የመጣውን ነገር ገፍቶ ማስወጣት፣ ካልሆነም ግጭቱ ከባትሪው ገና ፊት ላይ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ያ ዝነኛ የቲታኒየም ሰሌዳ ነው። ሦስተኛው በትንሹ ያጋደለ ድፍን አሉሚኒየም ሲሆን፣ የማይነቃነቅ ነገር ሲገጥመው መኪናውን እንደ ዳገት አንሸራትቶ በላዩ ያሳልፈዋል። 152 ጊዜ ተፈትኗል፤ በአንድ ቻርጅ የሚሄደውን ርቀት የቀነሰው በ0.1 በመቶ ብቻ ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ምርመራው ተዘጋ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ተራ አሉሚኒየም ናቸው! ሥራውን በብዛት የሚሠራው ቅርጻቸው ነው፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ ያጋደለ። የደቡብ አፍሪካ መሐንዲሶችም ፈንጂን ለመቋቋም ካስፒር የተባለውን ብረት ለበስ መኪና ሲሠሩ ሆዱን እንደ «ቪ» ፊደል ሾጣጣ ያደረጉት ለዚህ ነው። ፍንዳታው ወደ ጎን እንዲሄድ እንጂ ፊት ለፊት እንዲታገሉት አልፈለጉም።

ታዲያ በያጁ ተሳስቷል? ለቤንዚን ዘመን አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ1953 በተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ዓይነት መንገድ ላይ የመኪና ትልቁ ፍርሃት የሞተር ዘይት መያዣው ተሰንጥቆ ዘይቱ ማለቁ ነው። ዘይት ካለቀ ሞተር ይነክሳል። ለዚህ ሞተሩ ሥር የምትታሰር ትንሽ ወፍራም ብረት ትበቃለች። ድንጋይ ላይ ትንሸራተታለች፤ ብትጎብጥም ፈትተው በመዶሻ ይመልሷታል።

ባትሪ ግን ሌላ ነው። ወለሉን በሙሉ ይይዛል፣ ሰፊና ዝርግ ነው፤ ሳይበሳ መጎድጎዱ ብቻ ሊጎዳው ይችላል። ላሜራው ባትሪው ላይ ተለጥፎ ከታሰረ የድንጋዩን ምት እንዳለ ያስተላልፍለታል። በመሃል ክፍተት ያስፈልጋል።

ክብደቱንም አስሉት። ሁለት ሜትር በ1.3 ሜትር የሆነ 4 ሚሊሜትር ብረት 81 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁልጊዜ አንድ ጎልማሳ ጭኖ መሄድ ማለት ነው። ቲታኒየም ቢሆን 47፣ አሉሚኒየም 28 ኪሎ ግድም። ቲታኒየም፣ በያጁን አክብሬ፣ በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም። ሲግል አየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጠጣና እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል፤ በአርጎን ጋዝ ተሸፍኖ ነው የሚበየደው። አሉሚኒየምም እንከን አለው። ለስላሳ ስለሆነ ሹል ድንጋይ ይነክሰዋል፤ በብረት ብሎን ካሰሩት ደግሞ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ብሎኑ ዙሪያ ይበላል፣ በመሃል ፕላስቲክ ወይም ጎማ መግባት አለበት። እኔ ብሆን ፊቱ ያጋደለ አሉሚኒየም፣ ከባትሪው ጣት ያህል ርቆ፣ ፋብሪካው በተዋቸው የብሎን ቦታዎች አሳስር ነበር።

ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተደርጓል። መኪናው ተቀየረ፣ መንገዱ ያው ነው። ከተማ ውስጥ የሚያገኘን ኮብልስቶንና ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚፍቅና የሚጫን። በ120 የሚነዳበት የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ግን ከጭነት መኪና የሚወድቅ ብረት የኬንቱን ዓይነት ምት ያመጣል። ለሁለቱም አንድ ላሜራ መልስ አይሆንም። መኪናውን የሚያስገባና የሚሸጥልን ነጋዴ ከሥሩ ምን መከላከያ እንዳለው ሊነግረን ይገባል። እኛም ከቀለሙና ከስክሪኑ በፊት ይህን እንጠይቅ።

ጋራዡ ውስጥ የሆነውን ልጨርስላችሁ። በያጁ ድሪሉን ይዞ መኪናው ሥር ገባ። የባትሪው ጠርዝ ላይ ምልክት አደረገ። ትንሽ ቆየና በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። «ብርቱካናማ ሽቦ አለው» አለ፣ እጁን እየጠረገ። «እኔ እዚህ ጋ አልበሳም፣ ልጄ። ለሸጡልህ ሰዎች ውሰደው።»

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ላሜራው እንደተቆረጠ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዝገት ጀምሮታል።