ከአሸዋው ሥር

በ1849 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን በአንድ የብርጭቆ ዕቃ ግርጌ አሸዋና ጭቃ አንጥፎ የውኃ ሣር ተከለ፤ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችም አኖረበት። የበሰበሰው ቅጠል ውኃውን ባደፈረሰው ጊዜ ቀንድ አውጣ ጨመረ፤ ውኃውም ጠራ። ምስጋናው ለሣሩና ለቀንድ አውጣው ሆነ፤ አሸዋው ግን የሥር መያዣ ብቻ ተደርጎ ተቆጠረ።

በ1877 ፈረንሳውያኑ ሽሎዚንግና ሙንትስ የቆሻሻ ፍሳሽ አሸዋና የኖራ ድንጋይ በተሞላ ቱቦ አሳለፉ። ሃያ ቀን ያህል አንዳች ለውጥ አልታየም፤ ከዚያ በኋላ ዓሣን የሚገድለው አሞኒያ ናይትሬት እየሆነ ይወጣ ጀመር። (አዲስ አሸዋ አንጥፎ በማግሥቱ ዓሣ የሚለቅ ሰው የሚዘነጋው እነዚህን ቀናት ነው።) የክሎሮፎርም ትነት ሲገባበት ሥራው ቆመ፤ ሠራተኞቹ በአሸዋው ላይ የሰፈሩ ጥቃቅን ሕያዋን መሆናቸው ታወቀ። በ1878 በእንግሊዝ አገር፣ በሮታምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይህንኑ ያረጋገጠው የዋሪንግተን ልጅ ነበር፤ ስሙም እንደ አባቱ ሮበርት።