ተራራ፣ ሞገድና ትምህርት ቤት፦ በኮረብታማ አገሮች የቴሌቪዥን አቀባበል ታሪክ

መግቢያ

የቴሌቪዥን ሥርጭት በሚስፋፋበት አገር ሁሉ በዕቅድ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ካርታ በክብ መስመሮች የተሞላ ነው። የክቡ እምብርት ማሰራጫ ጣቢያው ሲሆን፣ በክቡ ውስጥ ያለ ሁሉ ሥርጭቱ እንደሚደርሰው ተደርጎ ይቈጠራል። ለሜዳማ አገር ይህ አቈጣጠር ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ተራራ በበዛበት አገር ግን ከጣቢያው በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ከገደል ሥር የተሠራ ትምህርት ቤት አንዳች ምስል ሳያገኝ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ርቀት አምባ ላይ የተሠራው ጥርት አድርጎ ሊያይ ይችላል።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የትምህርት ፕሮግራም በተከታዩ ዓመት በ1958 ዓ.ም. ተከትሏል። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ቴሌቪዥንን ለትምህርት ለማዋል የተደረገው ጥረት ሁሉ ከመልክዐ ምድራችን ጋር መፋጠጡ አልቀረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሌሎች ተራራማ አካባቢዎች ይህን ችግር እንዴት እንደተወጡት በአጭሩ ማውሳትና ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚተርፈውን ቁም ነገር ማመልከት ነው።

የችግሩ ጠባይ

ቴሌቪዥን የሚጓዝባቸው ቪ.ኤች.ኤፍ. እና ዩ.ኤች.ኤፍ. የተባሉት ሞገዶች አጫጭር ናቸው። የ200 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ የ600 ሜጋኸርትዝ ደግሞ ግማሽ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ሲያጋጥመው ከኋላው ጥላ ይጥላል። ሞገዱ ባጠረ መጠንም ጥላው ይጠናል።

ሁለተኛው ችግር ነጸብራቅ ነው። ከጣቢያው በቀጥታ የሚመጣው ሞገድና ከገደል ተላትሞ የሚመጣው በአንድ ጊዜ ስለማይደርሱ፣ በአናሎግ ሥርጭት ከዋናው ምስል በስተቀኝ ደብዛዛ ድርብ ምስል ይታያል። የዚህን ድርብ ምስል ምክንያት በማስመሪያ መመርመር ይቻላል። ሞገድ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ 300 ሜትር ይጓዛል። በ625 መስመር ሥርዓት የአንዱ መስመር የሚታየው ክፍል 52 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ ስፋቱ 52 ሳንቲ ሜትር በሆነ መስተዋት ላይ የአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ማለት፣ የተንጸባረቀው ሞገድ 300 ሜትር ያህል ትርፍ መንገድ ተጕዟል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ጥፋተኛው የትኛው ኮረብታ እንደሆነ መገመት ለፊዚክስ ክፍል ጥሩ መልመጃ ይሆናል።

ለነጸብራቅ መድኃኒት የሆነው አንቴና ከቴሌቪዥን መስፋፋት ቀድሞ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1926 ጃፓናውያኑ ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ ያስተዋወቁት፣ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ዘንጎች የተደረደሩበት አንቴና ከፊት የሚመጣውን ሞገድ አጠንክሮ ይቀበላል፤ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ግን ያዳክማል። በየቤቱ ጣራ ላይ የምናውቀው የዓሣ አጥንት መሳይ አንቴና የዚሁ ዘር ነው።

ከሸለቆ ወደ ኮረብታ

አንቴና ብቻውን ጥላን አያሸንፍም። ይህን ቀድመው የተረዱት የአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ነዋሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 በኦሬገን ግዛት በአስቶሪያ ከተማ ኤድ ፓርሰንስ የተባለ የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከሲያትል የሚመጣውን ደካማ ሞገድ በአንድ ሆቴል ሰገነት ላይ በተከለው አንቴና ተቀብሎ በሽቦ ለጎረቤቶቹ አዳረሰ። በዚያው ዓመት መንግሥት አዲስ የጣቢያ ፈቃድ መስጠት አቆመ፤ እገዳው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ጣቢያ ለሌላቸው ከተሞች የቀረላቸው የሩቁን መሳብ ብቻ ነበር።

በፔንሲልቫኒያ በምትገኘው የማዕድን ከተማ በላንስፎርድ ደግሞ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቁት የፊላደልፊያ ጣቢያዎች ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲታዩ ሸለቆው ውስጥ አይታዩም ነበር። ቴሌቪዥን ይነግድ የነበረው ሮበርት ታርልተን እ.ኤ.አ. በ1950 ከባልንጀሮቹ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ፣ አንድ አንቴና ተራራው ላይ በመትከል ምስሉን በኬብልና በማጉያ ወደ ሸለቆው አወረደ። እያንዳንዱ ቤት በየጣራው ደካማ ሞገድ ከሚለምን፣ ሞገዱ ካለበት ቦታ አንድ ጥሩ መቀበያ ተክሎ ለሁሉ ማካፈል እንደሚሻል ይህ አሠራር አሳየ። ዛሬ ኬብል ቴሌቪዥን የሚባለው ታላቅ ኢንዱስትሪ ከዚህ ዓይነቱ የኮረብታና የሸለቆ ችግር የተወለደ ነው።

የቍጥር ጥያቄ

ብሪታንያ ሌላ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ሥርጭቱ ወደ ዩ.ኤች.ኤፍ. ሲዛወር የዌልስና የስኮትላንድ ሸለቆዎች ጥላ ይበልጥ ጠና። መፍትሔ የሆነው ከዋናው ጣቢያ ተቀብለው በሌላ ቻናል መልሰው የሚያሰራጩ አነስተኛ ሪሌይ ጣቢያዎችን በየጉብታው መትከል ነበር። የጣቢያዎቹ ጠቅላላ ቍጥር ከ1,100 በላይ ደርሷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ዋናዎቹ 50 ያህል ብቻ ናቸው።

ለዕቅድ ባለሙያ ትኩረት የሚገባው ግን የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ ጣቢያ የተተከለው ቢያንስ 1,000 ነዋሪ ላላቸው ሥፍራዎች ነበር። ወለሉ ቀጥሎ ወደ 500፣ ኋላም ወደ 200 ዝቅ ተደረገ። ከዚያም በታች ለቀሩት መንደሮች በራሳቸው ወጪ፣ በፈቃድ፣ የራሳቸውን አነስተኛ ጣቢያ የሚተክሉበት መንገድ ተከፈተ። በእያንዳንዱ እርከን ለአንድ ሰው የሚወጣው ወጪ እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ «ሥርጭቱ ለማን ይድረስ?» የሚለው ጥያቄ የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጥያቄ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከሰማይ የመጣው መልስ

እ.ኤ.አ. በ1974 ኤ.ቲ.ኤስ.-6 የተባለው ሳተላይት ሲመጠቅ ከመጀመሪያ አገልግሎቶቹ አንዱ በአፓላችያ ተራሮች ለሚገኙ መምህራን የሥራ ላይ ሥልጠና ማስተላለፍ ነበር። ላንስፎርድ ሽቦ የዘረጋችውም በዚሁ ሰንሰለት ተራሮች ውስጥ ነው። በተከታዩ ዓመት ይኸው ሳተላይት ወደ ሕንድ ዞሮ፣ እስከ 1976 ድረስ 2,400 ለሚጠጉ መንደሮች የትምህርትና የልማት ፕሮግራም አስተላለፈ፤ መቀበያውም ከሽቦ ወንፊት የተሠራ የሦስት ሜትር ሳህን ነበር።

በአገራችንም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተላለፈው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት የዚሁ አስተሳሰብ ውጤት ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሳተላይት፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆነች አገር ከአናት በላይ ስለሚታይ ተራራ እምብዛም አይጋርደውም። ይሁን እንጂ ተራራው ቢሸነፍም መብራት ሲጠፋ፣ ሳህኑ በነፋስ ሲዛነፍ ወይም ዝናብ ሲበረታ ትምህርቱ ይቋረጣል። የመጨረሻው ተጠያቂ ምንጊዜም በሥፍራው ያለው ሰው ነው።

ለትምህርት ቤት የሚተርፈው ልምድ

ከዚህ ታሪክ ለምድራዊ ሥርጭት ተቀባዮች የሚከተለው የአመረማመር ሥርዓት ይገኛል።

ሀ) አስቀድሞ ጉድለቱን መለየት ይገባል። ነጭ ነጠብጣብ የሞገድ ድካም ምልክት ነው፤ ድርብ ምስል ደግሞ የነጸብራቅ። በዲጂታል ሥርጭት ግን ምስሉ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ቆይቶ በድንገት ስለሚቆራረጥ፣ ድካሙን አስቀድሞ በዓይን መለየት ያስቸግራል።

ለ) ሁሉም ጎረቤት የሚቸገር ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። አንዱ ብቻ የሚቸገር ከሆነ ሽቦውንና ማያያዣውን፣ በተለይም ውሃ የገባበትን፣ መመርመር ይቀድማል።

ሐ) አንቴናውን ከፍ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ጎን ጥቂት ሜትር ማዛወርም አንዳንድ ጊዜ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ጣቢያው ፈጽሞ በማይታይበት ሸለቆ አንቴናውን ጠንካራ ነጸብራቅ ወደሚመጣበት ገደል ማዞር የሚረዳበት ጊዜ አለ።

መ) ማጉያ የሚገጠመው ከአንቴናው አጠገብ ነው። ሞገዱ በረጅም ሽቦ ከደከመ በኋላ ቢጐላ ጫጫታውም አብሮ ይጐላል።

ሠ) ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልረዳ፣ ከአጎራባች ትምህርት ቤቶችና ከቀበሌው ጋር በአንድነት ኮረብታው ላይ መቀበያ መትከልን ማሰብ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

በካርታው ክብ ውስጥ መገኘትና ሥርጭቱን ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ሥርጭት ይደርሰዋል» ተብሎ የተመዘገበ፣ ነገር ግን መስተዋቱ ባዶ የሆነ ትምህርት ቤት በሁለት ወገን ተጎጂ ነው፤ ትምህርቱን አላገኘም፣ ችግሩም በመዝገብ አልታወቀለትም። ስለዚህ የዕቅድ ባለሙያው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በየሸለቆው ይቍጠር፤ መምህሩም ያላየውን «አላየሁም» ብሎ በጽሑፍ ያስታውቅ። የአስቶሪያም የላንስፎርድም መፍትሔ የተጀመረው በዚሁ ነበር፤ አለማየቱን ያመነ ሰው ሞገዱ የት እንዳለ ለመፈለግ ኮረብታ ወጣ።