ዶክሲንግ፦ «አጋልጦ መስጠት»

የአንድን ሰው ስም፣ ፎቶ፣ ሰፈር፣ የሥራ ቦታ ወይም ስልክ ቁጥር ሳይፈቅድ አሰባስቦ፣ ለጥቃት እንዲመች አድርጎ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መልቀቅ ዶክሲንግ ይባላል። ቃሉ «ዶክመንት» ከሚለው የወጣ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሃከሮች የተጣሉትን ሰው እውነተኛ ማንነት እያወጡ ይበትኑ ነበር። በአማርኛ «አጋልጦ መስጠት» ቢባል ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ። «ገመና ገለጣ» አይሆንም፤ የሰፈር ስም ገመና አይደለም፣ ተጠቂውም የሚያፍርበት ነገር የለውም። «ጥቆማም» አይሆንም። ጠቋሚ የሚናገረው ነገሩን አጣርቶ ኃላፊነት ለሚወስድ አካል ነው። እዚህ ግን ሰው ለማንም ተላልፎ ይሰጣል፣ ለሚሆነውም ተጠያቂ የለም።

ነገሩ ለጎንደርም የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ባሕር ዳር፣ በዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ትግራዋይ ነበሩ። የሰሜኑ ጦርነት በበረታበት ሰሞን፣ በመስከረም 2014 መጨረሻ፣ ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ የሥራ ቦታቸውና የሚኖሩበት ሰፈር ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። ቤተሰባቸው ልጥፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን ከሥራ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ በጥይት ተገደሉ። አንዱ ልጥፍ ደንብ ይጥሳል የሚል ምላሽ ለቤተሰቡ የደረሰው እሳቸው ከሞቱ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ልጃቸው ልጥፎቹ ለሞታቸው ምክንያት ሆነዋል በማለት በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ፤ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

የውጭ የጥንቃቄ መመሪያዎች የቤት ቁጥርህን ደብቅ፣ የመታወቂያ ቁጥርህን አታሳይ ይላሉ። ለጎንደርና ለሰሜኑ ደጋ ይህ አይበቃም። ጎንደር ላይ «ከማራኪ ግቢ ጀርባ» ያለ ሰው የቤት ቁጥር አያስፈልገውም፤ ዳባትና ደባርቅ ደግሞ ሰው የሚፈለገው በአባቱ ስምና በደብሩ ነው። ስማችን ራሱ አባትና አያትን ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ አንዱ ሲጋለጥ ቤተሰቡ አብሮ ይጋለጣል። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን የቀብር ማስታወቂያ እንይ። የሟች ሙሉ ስም አለ፤ «የመምህር እገሌ አባት» ይላል፣ ከነትምህርት ቤቱ፤ «የነርስ እገሊት ወንድም» ይላል፣ ከነሆስፒታሉ፤ ቀብሩ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሚፈጸምም ተጽፏል። ክፉ ላሰበ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይቀረዋል? የለቅሶ ጥሪ ይቅር አልልም፤ ለቀባሪ መንገር ግዴታ ነው። ግን በዕድሩ ዝግ ግሩፕ መላክ፣ ከቀብር በኋላም ማጥፋት ይቻላል።

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን መለጠፍ ምን ጥፋት አለው?» የሚል አይጠፋም። ሰፈር የሚያውቀው በዕድር፣ በማኅበር፣ በሽማግሌ ተሳስሮ ነው፤ ጎረቤቱን የሚጎዳ ነገ ፊቱን ያየዋል። ስልክ ላይ ያለው አንባቢ ይህ ማሰሪያ የለውም፣ ርቀትም አይገድበውም። የአንድ ከተማ ቁጣ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ አይተናል፦ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ሼህ ኤልያስ መካነ መቃብር አጠገብ፣ በቀብር ላይ የተነሳው ግጭት የብዙ ሙስሊሞችን ሕይወት ቀጠፈ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሌባን፣ ደፋሪን፣ ጉቦኛን ማጋለጥስ? ሥልጣኑን አለአግባብ የተጠቀመ ባለሥልጣን በሥራው ሊጋለጥ ይገባል፣ ይህን የሚከለክል ሐሳብ አልደግፍም። ድርጊቱን ለማሳወቅ ግን የልጆቹ ትምህርት ቤትና የቤቱ በር አያስፈልጉም። ውንጀላው ሐሰት ሆኖ ቢገኝስ? ልጥፍ ይሰረዛል፤ በቤቱ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ግን አይመለስም።

ሕጉ ጨርሶ ዝም አላለም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን ለማንሳት እንዲንቀሳቀሱ ይላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የመጀመሪያው ግን የሚያተኩረው በንግግሩ ላይ ነው፤ ያለ ስድብ፣ ያለ ዛቻ፣ ፎቶና ሰፈር ብቻ የለጠፈ ሰው ሊያመልጠው ይችላል የሚል ስጋት አለኝ። ስለዚህ አስቀድሞ ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርን ማንም እንዳያይ ማድረግ፣ የፌስቡክ ገጽን መቆለፍ፣ የልጆችን የደንብ ልብስ የሚያሳይ ፎቶ አለመለጠፍ ይጠቅማል። የተጋለጠ ሰው ሪፖርት ከማድረጉ በፊት ልጥፉን ከነሊንኩና ከነቀኑ ስክሪንሾት ያንሳ፤ ልጥፉ ከወረደ በኋላ ማስረጃው አብሮ ይጠፋልና። ስክሪንሾቱ ለፖሊስ፣ ለጠበቃና ለቅርብ ቤተሰብ ነው። «ወገኖች ተጠንቀቁ» ብሎ የተጋለጠውን ሰው ስምና ሰፈር ሳይሸፍን በየግሩፑ የሚለቅ ወዳጅ ያንኑ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አጋልጦ እየሰጠው ነው።