የጨንቻ ቁልቁለትና የፍሬን ሸራ ታሪክ

አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አንጻር ሳትቆረቆር በፊት የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ፥ በደጋው ጉምና በቀርከሃው መካከል የተቀመጠችው ጨንቻ ነበረች። የዚያ ዘመን ሹማምንት መቀመጫቸውን ከፍ ካለ ቦታ የሚተክሉት ሩቁን ለማየትና የቆላውን ወባ ለመሸሽ ነበርና፥ ባለጉዳዩም ደብዳቤውም ባለሥልጣኑም በእግርና በበቅሎ ይወጣ ይወርድ ስለ ነበረ፥ የቁልቁለቱ መከራ በጉልበት ላይ እንጂ በመንኰራኵር ላይ አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ግን በደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ አገረ ገዥነት መንበሩ ከደጋ ወደ ቆላ ወርዶ በአርባ ምንጭ ተተከለ፤ አሮጌዋንና አዲሷን ከተማ የሚያገናኘው 37 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም ከ2,700 ሜትር ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ግድም የሚያወርድ የሾፌር ሁሉ መፈተኛ ሆነ።

ፈተናው በቍጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ የቤተሰብ መኪና ከነተሳፋሪው 2,000 ኪሎ ግራም ቢመዝን፥ 1,400 ሜትር ሲወርድ ከክብደቱ የሚገኘው ኃይል ቢሰበሰብ 80 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል፤ ከዚህም ኃይል ሞተሩና ነፋሱ ይዘው ያስቀሩት ሲቀነስ፥ የተረፈውን ሁሉ ወደ ሙቀት ለውጦ የሚሸከመው ከጣት የማይወፍር የፍሬን ሸራ ነው።

የዚህ ትንሽ ዕቃ የትውልድ ሐረግም ከቁልቁለት ጋራ የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በርታ ቤንዝ የባሏን የሞተር ሠረገላ ነድታ በጀርመን አገር ረጅም መንገድ ስትሄድ፥ የእንጨቱ ፍሬን ቁልቁለት ላይ እየተበላ ቢያስቸግራት፥ ከአንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ቆማ ቆዳ አስቸነከረችበት። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ በኮረብታማው በደርቢሻየር ለጋሪዎች የሚሆን ሸራ ማበጀት ጀመረ፤ ከቀደሙት ሥራዎቹም አንዱ በሙጫ የተነከረ የጥጥ ሽመና ነበር። ከጨንቻ መንገድ ዳር ያሉት የዶርዜ ሸማኔዎች ይህን ቢሰሙ ሳይስቁ የሚቀሩ አይመስለኝም። ጥጡ ከሙቀቱ ብርታት የተነሣ ቢከስል፥ እሳት በማይበላው በአስቤስቶስ ተተካ፤ ይኸውም እስከ ዘመናችን መባቻ ድረስ የመካኒኮችን ሳንባ ሲጎዳ ኖሮ፥ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005 ፈጽሞ ተከለከለ።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ በተባለ እንግሊዛዊ እጅ ገባ። የጋራዥ ጥበበ እድ ግን የተስፋፋው ከጣልያን ወረራ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ጎማው፥ ቡሎኑ፥ ፍሪሲዮኑ፥ ክሪኩ በስማቸው አባታቸውን ይናገራሉና በዚህ አልዘገይም። ለመንግሥት ሥራ በየጠቅላይ ግዛቱ የተሰማሩት ላንድ ሮቨሮች በአራቱም እግራቸው የታምቡር ፍሬን ነበራቸው፤ ታምቡር ደግሞ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይሸሻልና፥ ሾፌሩ በረገጠ ቍጥር ፔዳሉ እየራቀበት ይሄዳል። ስለዚህ የቀድሞ ሾፌሮች ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ከባድ ማርሽ አስገብተው፥ በስመ አብ ብለው፥ መኪናውን በሞተሩ እያስያዙ ይወርዱ ነበር፤ ረዳቱም ታኮውን ይዞ፥ መኪናው በቆመ ጊዜ ዘሎ ከጎማው ሥር ለመወተፍ ይጠብቃል። በእኔ ፍርድ የዚያን ጊዜ የመንገዱ ደኅንነት ከብረቱ ይልቅ በእነዚህ ሰዎች ልማድ ላይ የቆመ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር በፈረንሳይ አገር በለማን ውድድር በዲስክ ፍሬን ድል ካደረገ ወዲህ ግን፥ ነፋስ በቀላሉ የሚያገኘው ዲስክ ቀስ በቀስ ወደ ቤተሰብ መኪናም ገባ፤ ዛሬ ልጆቹን ይዞ ሐይቁንና ዶርዜን ሊያይ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው መኪናው ቢያንስ በፊት እግሮቹ ዲስክ አለው። ነገር ግን ዕቃው ሲሻል ልማዱ ከፋ፤ ማርሹ በራሱ የሚለወጥለት ነጂ እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ ከጨንቻ ይወርዳል፤ ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ሲደርስም የሸራ ሽታ ከእርሱ ቀድሞ ይገባል።

እንዲህ ያለው መኪና ጋራዥ ገብቶ መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ የወጣውን ሸራ ከአዲሱ አጠገብ ሲያስቀምጠው ልዩነቱን ሕፃንም ያየዋል፤ አዲሱ ከ10 ሚሊ ሜትር የማያንስ ሲሆን፥ አሮጌው አንዳንዴ በአንድ ወገን ተበልቶ ብረቱ ሊታይ ደርሷል። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ቤቱ መልሶ አዲሱን ካስገባ በኋላ ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ ደጋግመው ረግጠው ሳያጠነክሩት ከጋራዥ መውጣት አደጋ ነው። የፍሬን ዘይትም ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች የማይፈላ ሲሆን፥ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላልና፥ በየሁለት ዓመቱ መለወጡ ይገባል።

ስለዚህ ወደ ጨንቻ የምትወጡ ሁሉ፥ ከመውጣታችሁ በፊት በአርባ ምንጭ ሸራውን አስለኩት፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ግራና ቀኙን በአንድነት አስለውጡ፤ ስትወርዱም ከባድ ማርሽ አስገቡ።