ከእንዝርት እስከ ጃኬት

ማኅበራችን ከሚሰፋቸው ልብሶች ዘንድሮ በብዛት የተጠየቀው ስስ የመንገድ ጃኬት ነው። ምክንያቱን የወለጋ መንገደኛ ያውቀዋል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጠዋት ጠዋት ትበርዳለች። ወደ ጊምቢ ስንሄድ ግን መጀመሪያ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ እንወርዳለን፤ እዚያ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። ሸለቆውን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ይመለሳል። መንገደኛዋ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጉርድ ከነሸሚዙ፣ ከሁሉም ጋር የሚሄድ አንድ ጃኬት ከያዘች ትንሽ ቦርሳ ይበቃታል።

ከዚህ ጃኬት ጀርባ ረጅም ታሪክ አለ። በአገራችን ልማድ ጥጡን ዳምጣና ነድፋ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማኔው ግን ወንድ ነው። የወለጋን ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎች ሲመለሱ አቡጀዲ ያመጡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አቡጀዲ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ነበር። ኋላ የሲንጀር መኪና ገባ፤ በየከተማው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚረግጠውም በአብዛኛው ወንድ ሆነ። ሸማኔውና ሰፊው የእጃቸውን ሲያገኙ፣ ሴቷ ለቤቷ የምትፈትለውና የምትጠልፈው ግን “ሙያ” ተብሎ ተመሰገነ እንጂ ዋጋ አልተቆረጠለትም።

ከተማችንን ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያገናኝ አንድ ስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር፣ የአዲስ አበባ ሴቶች በማኅበር ተሰባስበው ለዘማቾች ልብስ፣ ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭንብል ያዘጋጁ ነበር። ከመሪዎቹ አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በስደት ዘመናቸው እንግሊዝ አገር ነርስነት ተማሩ። ከነፃነት በኋላ ባለቤታቸው አቢይ አበበ ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ አብረው ወደ ነቀምቴ መጡ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት እዚሁ አረፉ። የልዕልቲቱ ስም በታሪክ ተጽፏል። አብረዋቸው መርፌ የያዙት የአብዛኞቹ ሴቶች ስም ግን አልተጻፈም።

እኛስ? የሂሳብ መዝገባችንን ገልጠን ስናይ ያንኑ ስሕተት ደግመን አገኘነው። በመጀመሪያዎቹ ጃኬቶች ዋጋ ውስጥ ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉ፣ የመኪና ስፌቱና የመብራቱ ወጪ አለ። ጥልፉ የለም። በየቤቱ፣ ማታ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ስለሚሠራ ማንም አላሰበውም። አንዲት አባላችን በስብሰባ ላይ ተነስታ “ክሩን ከፍላችሁ እጄን ረሳችሁት” ስትለን መልስ አጣን።

ጃኬቱ እንዴት እንደሚሠራ ስናስብ ትዝብቷ እውነት ነው። ጥጥ ስለሚሸበሸብ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል። እንዲቀልል ገበር አይገባበትም፤ ስለዚህ የውስጡ ስፌት ሁሉ በጠርዝ ጨርቅ ይሸፈናል። የእጅጌው ጫፍና የጀርባው ጥልፍ ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ ይጠለፋል። በውስጥ በኩል ለመታወቂያና ለትራንስፖርት ገንዘብ የሚሆን ኪስ አለው፤ ይህን ኪስ ያመጡት ራሳቸው ሰፊዎቹ ናቸው። ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ጥልፉ ነው።

አሁን እያንዳንዱ ጃኬት የሰዓት መመዝገቢያ ካርድ አለው፤ ጠላፊዋ ስሟንና የሠራችበትን ሰዓት ትጽፋለች፤ ክፍያዋም በዚያው ይታሰባል። ዋጋው በመጨመሩ የተውን ደንበኞች አሉ፤ ይህን ለደጋፊዎቻችን አንደብቅም። ዋጋውን ለመቀነስ ስንነጋገርም ከጨርቁ ወይም ከጥልፉ ብዛት እንቀንስ እንጂ ከእጅ ዋጋ እንዳንነካ ተስማምተናል።

እናቶቻችን የፈተሉት ባለመመዝገቡ ስንት እንደነበረ ማስላት አንችልም። የእኛ ግን ከእንግዲህ በመዝገብ ላይ አለ።