ጠበል፣ መድኃኒትና ምስክርነት፦ ስለሚጥል በሽታ ምእመናን ሊያውቁት የሚገባ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በአካባቢያቸው ባሉ የቡና ከተሞች የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በሚገኝበት ቤት ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «እምነት ካለ ጠበሉ ይበቃል» ይላል። ሁለተኛው «ኪኒኑን ካልዋጠ አይሻለውም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የእገሌ ልጅ በሰባት ቀን ጠበል ድኗል፤ በዐይኔ አይቻለሁ» እያለ ይመሰክራል። ሕሙሙና ቤተሰቡ በእነዚህ ድምፆች መካከል ግራ ይጋባሉ። መድኃኒቱን ጀምረው የሚያቋርጡ፣ ጠበሉን ፈርተው የሚቀሩ፣ ሕመሙ ሲመለስም «እምነታችን ጎደለ» ብለው የሚያዝኑ ጥቂቶች አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እምነት፣ ሕክምናና የሰው ምስክርነት እያንዳንዳቸው ያላቸውን ቦታ ማሳየት ነው።

የሕመሙ ምንነት

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡት በረቂቅ የኤሌክትሪክ መልእክት ሲሆን፣ ይህ መልእክት ከመጠን በላይ ሆኖ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ሰውየው ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ለጥቂት ጊዜ ራሱን ይስታል። መንሥኤው ከሰው ሰው ይለያያል። በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል ላይ የወጣ ወባ፣ የራስ ቅል አደጋ፣ የዘር ውርስ ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎች ላይ ግን መንሥኤው አይታወቅም። ሕመሙ በንክኪም ሆነ በአፍ በሚወጣ አረፋ አይተላለፍም። ስለዚህ የወደቀን ሰው «ይጋባብኛል» ብሎ ሳይነኩ መሸሽ መሠረት የሌለው ፍርሃት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው፣ በትክክል ታውቆላቸው ቢታከሙም ከመቶ እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ ይገልጻል። በሀገራችን በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የተመራና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በመስቃንና ማረቆ ገጠር ከ60,000 በላይ ሰዎችን ዳስሶ 316 ሕሙማንን አግኝቷል፤ ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። በአንድ ሺህ ምእመናን አጥቢያ ውስጥ አምስት ሰዎች ይህን ሕመም ተሸክመው ይኖራሉ ብለን ብናስብ ጉዳዩ ከደጃችን የራቀ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ቅዱስ ወንጌል ስለዚህ ሕመም ምን ያስተምረናል?

ብዙዎች ይህን ሕመም ሁልጊዜ ከርኩስ መንፈስ ጋር ብቻ ያያይዙታል። ለዚህም በማቴ. 17፥14-21 እና በማር. 9፥14-29 የተጻፈውን፣ ብዙ ጊዜ በእሳትና በውኃ ውስጥ ይወድቅ የነበረውን ልጅ ታሪክ ይጠቅሳሉ። በዚያ ቦታ ልጁን ያሠቃየው ርኩስ መንፈስ መሆኑን ወንጌል በግልጽ ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ትቀበላለች። ነገር ግን ያው ወንጌላዊ በማቴ. 4፥24 ወደ ጌታችን የመጡትን ሕሙማን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ ይህ ሕመም የሚነሣባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችንም ለብቻ ቆጥሯቸዋል። ከዚህ የምንማረው የወደቀ ሁሉ በመንፈስ የተያዘ እንዳልሆነ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በራሱ ግምት «ጋኔን አለበት» ብሎ ሕሙምን ማሰር፣ መግረፍ ወይም ማስራብ አይገባውም። መለየት የሚገባው በአባቶች ጸሎትና ምክር፣ እንዲሁም በሐኪም ምርመራ ነው።

ሌላው ትምህርት የልጁ አባት ነው። እርሱ ፍጹም እምነት አለኝ ብሎ አልቀረበም። ማመኑንም አለማመኑንም በጌታ ፊት ገልጦ እንዲረዳው ለመነ፤ ልጁም ተፈወሰ። ስለዚህ ልጇን ወደ ሐኪም የወሰደች እናት በዚህ ምክንያት ብቻ እምነቷ ጎደሎ ሊባል አይችልም። በዮሐ. 9፥1-3 ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱን ሲፈልጉ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም በመበደላቸው እንዳልሆነ አስረድቷል። ሕመምን ሁሉ የወላጅ በደል ውጤት አድርጎ መቁጠር ለታማሚው ቤት ሌላ ሸክም ይጨምራል።

ጠበልና መድኃኒት ይቃረናሉን?

በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እንደተማርነው ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው። ያው ምዕራፍ ሕሙሙ አስቀድሞ እንዲጸልይ፣ ንስሐ እንዲገባ፣ ከዚያም ለሐኪም ቦታ እንዲሰጥ ያዛል። በኢሳ. 38፥21 ነቢዩ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን ቃል ካመጣለት በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌላዊም ሐኪም ነበረ (ቆላ. 4፥14)። በቂሣርያ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለድኾችና ለሕሙማን ሆስፒታል አቋቁሟል፤ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዐትም የሕክምና ጥበብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን፣ ሆኖም ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ ብቻ መጣል እንደማይገባ አስተምሯል።

በሀገራችንም ይህ ጥያቄ በአደባባይ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ ከነበሩት ብዙ ሕሙማን መካከል መድኃኒቱን መዋጥ እምነትን መካድ የመሰላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ እርስ በርስም እንደማይቃረኑ በግልጽ አስተምረዋል። ያ መልስ ለዚያ ሕመም ብቻ የተነገረ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያንን የቆየ አስተሳሰብ የሚያሳይ በመሆኑ ለሚጥል በሽታም ያገለግላል።

በዚህ ሕመም ግን አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ በርትቶ ሊመለስ፣ አልፎ አልፎም ሳያቋርጥ እየደጋገመ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ «ጠበል እስክጨርስ መድኃኒቱን ልተወው» የሚል ውሳኔ የሕይወት ጉዳይ ነው።

«በዐይኔ አይቻለሁ» የሚለው ምስክርነት

ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ቤት ናት፤ የተፈወሰ ሰው እግዚአብሔርን ማመስገኑም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሕመም ምስክርነትን በቀላሉ የሚያሳስት ጠባይ አለው። በራሱ ይመጣል፤ በራሱም ይሄዳል። አንዳንዱን በየሳምንቱ፣ አንዳንዱን በየጥቂት ወሩ ይጥለዋል። በልጅነት ከሚጀምሩት አንዳንዶቹም በዕድሜ ይተዋሉ። ሰው ደግሞ መፍትሔ ፍለጋ የሚወጣው ሕመሙ ሲብስበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዕረፍት ከተደረገለት ነገር ሁሉ ጋር ይያያዛል፤ ጠበል ቢሆን ለጠበሉ፣ ሥራሥር ቢሆን ለሥራሥሩ፣ ኪኒን ቢሆን ለኪኒኑ ይሰጣል። የሕክምና ጥናት የብዙ ሰዎችን ሁኔታ ለረጅም ጊዜ የሚያነጻጽረው አንድ ሰው ብቻውን ያየው እንዳያሳስት ነው።

ይህን ማለት ተአምርን መካድ አይደለም። እግዚአብሔር በወደደው ጊዜና መንገድ ይፈውሳል። ጥያቄው የተፈወሰው ሰው መፈወሱ እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው። ለዚህ መልሱን ከራሱ ከጌታችን እናገኛለን። በሉቃ. 17፥11-19 አሥሩን ለምጻሞች ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ላካቸው፤ በኦሪቱ ሥርዐት ለምጹ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና (ዘሌ. 14)። የፈወሰው አምላክ ፈውሱ እንዲመረመር ራሱ አዘዘ። መመርመሩ ፈውሱን አላሳነሰውም፤ አንዱ ተመልሶ እንዳያመሰግንም አልከለከለውም። ዛሬም በጠበል ተፈውሻለሁ የሚል ምእመን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወደ ሐኪሙ ሄዶ ቢታይ ይህንኑ ሥርዐት ተከተለ ማለት ነው። ሐኪሞች አንድ ሰው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ያህል ሳይጥለው ከቆየ በኋላ ሁኔታውን አይተው መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ሊቀንሱለት ይችላሉ። እውነተኛ ፈውስ ይህን ትዕግሥት አይፈራም።

ምስክርነት በሌላም በኩል ሚዛን ያስፈልገዋል። ከጠበል በኋላ ሕመሙ የተመለሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ አይመሰክርም፤ በኀፍረት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ የምንሰማው የዳኑትን ብቻ ይሆናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም (2ቆሮ. 12፥7-9)፤ ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ትቶታል (2ጢሞ. 4፥20)። ሕመሙ ያልተነሣለት ምእመን በጉባኤው መካከል አንገቱን ሊደፋ አይገባውም።

በጅማና በቡና ከተሞች ያለው ሁኔታ

ጅማ በሕክምና ትምህርት የታወቀች ከተማ ናት። በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ተማሪዎቹንም ወደ ማኅበረሰቡ በማሰማራት ይታወቃል። ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች በተነሣ አሠራር በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች ሠልጥነው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን በቅርብ ሲከታተሉ ቆይተዋል። ለብዙዎች የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ርካሽና ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ መድኃኒት ነው።

የአካባቢው ኑሮ ግን የራሱ አደጋዎች አሉት። ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሚለቀምበት ወራት ለቃሚው ከቤቱ ርቆ ይሰነብታል፤ መድኃኒቱም በዚያ ሊያልቅበት ይችላል። በመፈልፈያ ማሽንና በቡና ማጠቢያ ገንዳ አጠገብ መውደቅ ለሞት ያደርሳል። ቡና የሚቆላበት ምድጃ ክፍት እሳት በመሆኑ በዚህ ሕመም ከሚደርሱት ጉዳቶች አንዱ ቃጠሎ ነው። እንቅልፍ ማጣትና የአልኮል መጠጥም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ።

ለሕሙማን፣ ለቤተሰብና ለአገልጋዮች

1. ሕሙሙ የሚጥለው መሆኑን ለንስሐ አባቱና ለጠበሉ አገልጋዮች፣ ጠበል መጠመቁንም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።

2. ወደ ጠበል ሲሄድ የሚበቃውን መድኃኒት ይዞ ይሂድ። ፌኖባርቢታል ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ማታ የሚወሰድ በመሆኑ ከማለዳ ጥምቀት ጋር አይጋጭም። ስለ ጾምና ስለ ቅዱስ ቁርባን ዋዜማ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር እንጂ በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን አይዝለል።

3. ብቻውን አይጠመቅ፤ ጥልቅ ውኃ ውስጥም አይግባ። አጠገቡ የሚይዘው ሰው ይኑር። ሌሊቱን በሙሉ ለማኅሌት ወይም ለምሕላ መቆም ስለሚኖርበት መጠንም ይጠይቅ።

4. ሲወድቅ ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት ይገባል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ በአፉ ማንኪያ ማስገባት፣ እጅ እግሩን አጥብቆ መያዝ አይጠቅምም፤ ይጎዳል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

5. መድኃኒቱ ቢያደነዝዘው ወይም ቢከብደው ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ሊስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችላልና።

6. ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የሰበካ ጉባኤያት ይህ ሕመም ያለባቸውን ልጆች ከአገልግሎት ሳይሆን ከአደጋ ይጠብቁ። መዘመር፣ መማር፣ መቁረብ የእነርሱም ድርሻ ነው።

ሕሙሙ በጠዋት ተጠምቆ በማታ መድኃኒቱን ሲወስድ ከሁለት ጌቶች አይለምንም። የሁለቱም ሰጪ አንድ ነው። እምነት በእግዚአብሔር ያስታምነዋል፤ ሕክምና የተሰጠውን ጥበብ ያስጠቅመዋል፤ በትዕግሥት የተመዘነ ምስክርነትም ሌላውን ሕሙም ሳያሳስት ያጽናናዋል።

በእሳትና በውኃ ይወድቅ የነበረውን ልጅ አንሥቶ ለአባቱ የሰጠ መድኃኔ ዓለም ክርስቶስ ሕሙማንን ሁሉ ይማርልን፤ የሚያስታምሙትንም ያጽናልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።