ዋርፋሪን የሚወስዱ መንገደኞች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን የደማቸውን የመርጋት ፍጥነት በየጊዜው መመርመር ይኖርባቸዋል። ረዘም ላለ ጊዜ ወደ ሌላ አገር በሚጓዙበት ወቅት ክትትሉ እንዳይቋረጥ ከሚረዱ መንገዶች አንዱ፣ ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ውጤቱን በደቂቃ ጊዜ ውስጥ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር ብቻ በመሆኑ፣ በቁጥሩ መሠረት ምን እንደሚደረግ ከጉዞው በፊት ከሐኪም ጋር መወሰን ያስፈልጋል።

ዋርፋሪን በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ምርምር ውጤት ነው። በመጀመሪያ ለአይጥ ማጥፊያነት ያገለገለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሰው ሕክምና እንዲውል ተፈቅዷል። መድኃኒቱ የቫይታሚን ኬን ሥራ በመግታት ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን በሚፈለገው መጠን እንዳያመርት ያደርጋል።

በኢትዮጵያ መድኃኒቱን ከሚወስዱት መካከል በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሜካኒካል የልብ ቫልቭ የተተከለላቸው ይገኙበታል። ክትትል የማይጠይቁ አዳዲስ መድኃኒቶች በሥራ ላይ ቢውሉም፣ ሜካኒካል ቫልቭ ላላቸው ሰዎች ዋርፋሪንን አይተኩም።

የምርመራው ውጤት አይ ኤን አር በሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ ይገለጻል። መለኪያው በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠሩ ምርመራዎችን ለማነጻጸር ያስችላል። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው አይ ኤን አር 1 አካባቢ ነው። ለአብዛኞቹ ሕሙማን የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ሲሆን፣ በሚትራል ቦታ ሜካኒካል ቫልቭ ላላቸው በአብዛኛው ከ2 ነጥብ 5 እስከ 3 ነጥብ 5 ነው። ውጤቱ ከዚህ ሲያንስ ቫልቩ በረጋ ደም ሊዘጋ ወይም ስትሮክ ሊከሰት ይችላል። ሲበዛ ደግሞ የመድማት አደጋ ይጨምራል።

ጉዞ ይህን ሚዛን በቀላሉ ያዛባል። እንደ ጎመን ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላላቸው፣ መጠናቸው በድንገት ሲጨምር አይ ኤን አር ይቀንሳል፤ ሲቋረጥ ይጨምራል። በመሆኑም ጎመን መተው ሳይሆን መጠኑን አለመለዋወጥ ይመከራል። በጾም ወቅት የሚጓዙም ይህንኑ ማስተዋል ይገባቸዋል። ተቅማጥ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ አልኮል እንዲሁም እንደ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ያሉ መድኃኒቶች አይ ኤን አርን ከፍ ያደርጋሉ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም።

መሣሪያውን የሚጠቀም ሰው ከጉዞው በፊት ሥልጠና ወስዶ፣ የመሣሪያውን ውጤት ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ማመሳከር አለበት። በምርመራ ጊዜ እጅን ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ማድረቅ፣ የጣትን ጎን መውጋትና ጣትን አጥብቆ ሳይጨምቁ የመጀመሪያውን ጠብታ ወዲያውኑ በስትሪፑ ላይ ማድረግ ተገቢ ነው። ከፍተኛ የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ውጤት ሊሳሳት ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው። ስትሪፖቹ ሙቀትና እርጥበት ስለሚያበላሻቸው በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው የለባቸውም። መድኃኒቱና መሣሪያው ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ መያዝ ይኖርባቸዋል።

የስትሪፖች ጥራትም በየጊዜው ክትትል ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮአጉቼክ ለተባለው መሣሪያ የሚያገለግሉ ስትሪፖች ትክክለኛ ያልሆነ ውጤት በመስጠታቸው ከአሜሪካ ገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ስለዚህ ያልተጠበቀ ውጤት ሲታይ በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ግድ ይላል።

የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው የእንክብሉ ቀለም ነው። በአሜሪካ ነጩ ዋርፋሪን 10 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በብሪታንያ ነጩ ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ሮዝ ቀለም ያለው ደግሞ በአሜሪካ 1 ሚሊ ግራም፣ በብሪታንያ 5 ሚሊ ግራም ነው። መድኃኒት አልቆበት በሌላ አገር የሚገዛ ሰው ቀለሙን ሳይሆን በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሚሊ ግራም መመልከት አለበት።

ኢትዮጵያውያን መንገደኞች የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር ልዩነትንም ማሰብ ይገባቸዋል። የክትትል ደብተሩ ላይ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢጻፍ በሌላ አገር ያለ ሐኪም በቀላሉ ይረዳዋል። የስትሪፖች የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም በአብዛኛው በዚሁ አቆጣጠር የሚጻፍ ነው። የሰዓት ልዩነቱ ሰፊ ወደሆነ አገር የሚሄድ ሰው የመዋጫውን ሰዓት እንዴት እንደሚያስተካክል አስቀድሞ ይጠይቅ። የተረሳ መድኃኒት በዚያው ቀን ከታወሰ ይወሰዳል፤ በማግስቱ ግን እጥፍ አድርጎ መዋጥ አይፈቀድም።

የመድኃኒቱ መጠን ለውጥ በአይ ኤን አር ላይ የሚታየው ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በአንድ ውጤት ተደናግጦ መጠኑን በራስ መለወጥ አደገኛ ነው። ውጤቱ ከተወሰነለት ክልል ሲወጣ ለማን እንደሚደወል የሚገልጽ ጽሑፍ ከደብተሩ ጋር መያዝ ይገባል። የማይቆም ነስር፣ ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ሲከሰት፣ እንዲሁም ጭንቅላት ላይ ጉዳት ሲደርስ፣ መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ጥሩ ቢሆንም እንኳ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሳይዘገዩ መሄድ ያስፈልጋል።